ከእሳቱ በኋላ፦ ታናይስ ወደብና ጎቶች

ስለ ጎቶች ትምህርት ቤት የተማርነው ቢበዛ አንድ መስመር ነው። ከሰሜን መጡ፣ አቃጠሉ፣ ዘረፉ፣ ሮምን አስጨነቁ፤ አለቀ። አፍራሽ ተብለው ስማቸው ተመዘገበ። እኔም ሐኪም ነኝና ታሪክ የማነበው ከሥራ በኋላ ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት አእምሮዬን ይዞት የቆየው ግን የዚህ መስመር ሌላኛው ጫፍ ነው። የተቃጠለች ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ ባዶዋን ቆይታ ሰው ተመልሶ ሲገባባት፣ ከገቡትም መካከል አቃጠሉ የተባሉት ሰዎች ወገን ሲገኝበት፣ ያንን ምን ብለን እንጠራዋለን? ለዘንድሮው የመገናኛ በዓል መጽሔት «ከሙያሽ ውጭም ቢሆን አንድ ነገር ጻፊ» ስባል ወዲያው የመጣልኝ ይኸው ነው። በታሪክ ትምህርት ክፍል ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ታገሡኝ።

ከተማዋ ታናይስ ትባላለች። ዛሬ ዶን የምንለው ትልቁ የሩሲያ ወንዝ ወደ አዞቭ ባሕር በሚገባበት ቦታ፣ ከሮስቶቭ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ኔድቪጎቭካ ከሚባል መንደር አጠገብ ነው ፍርስራሿ ያለው። ስሟን ያገኘችው ከወንዙ ነው፤ የጥንት ግሪኮች ዶንን ታናይስ ይሉት ነበር፤ ለእነሱም አውሮፓና እስያ የሚለያዩበት ድንበር እሱ ነበር። ከተማዋን የቆረቆሯት የቦስፖር መንግሥት ግሪኮች ሲሆኑ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት 3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጂኦግራፈሩ ስትራቦ ስለ ታናይስ የጻፈው አጭር ነው፣ ግን የጤፍ ዋጋ እንደሚያውቅ ነጋዴ ነው የሚናገረው። ዘላኖቹ ባሪያና ቆዳ ያመጣሉ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጡት ደግሞ ልብስ፣ ወይን ጠጅና ሌላም የከተሜ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ፤ ይገበያያሉ። በአካባቢው ከቦስፖር ዋና ከተማ ከፓንቲካፓዮን ቀጥሎ ትልቁ ገበያ ይህ ነበር ይላል። አልታዘዝም በማለቷም የቦስፖሩ ንጉሥ ፖሌሞን አፍርሷት እንደነበር እሱው ራሱ ይነግረናል። ማለትም የመጀመሪያዋ መፍረስ በጎቶች አይደለም፤ በገዛ ንጉሧ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ከፖሌሞን በኋላ እንደገና ቆመች። በሮማውያን ዘመን የነበረችው ታናይስ ትልቅ አልነበረችም፤ የግንቡ አንድ ጎን ከ200 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በእግር ዞሮ ለመጨረስ ቡና እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል። ውስጡ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው። በድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ ከስራቸው ጥልቅ ምድር ቤቶች፣ በምድር ቤቶቹ ውስጥ ደግሞ አምፎራ የሚባሉት ባለ ሁለት ጆሮ የወይንና የዘይት እንስራዎች ተደርድረው ተገኝተዋል። ሰዎቹ በሁለት ማኅበረሰብ ተከፍለው ይተዳደሩ ነበር። «ሔለናውያን» የሚባሉት የራሳቸው አለቃ አላቸው፤ «ታናይታውያን» የሚባሉት ደግሞ የራሳቸው ሹማምንት።

ግን መለያየቱ በወረቀት ላይ ያለውን ያህል ጥብቅ አልነበረም። በ3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ የማኅበር አባላት ስም ዝርዝሮች አሉ። ማኅበር ስል እኛ የምናውቀውን ዓይነት አስቡ። በአንድ አምላክ ስም የሚሰበሰቡ፣ ሹማምንት ያሏቸው፣ አባላት የሚመዘገቡባቸው። ያመልኩት የነበረውን «ልዑል አምላክ» ይሉታል። ከማኅበሮቹ አንዳንዶቹ አባሎቻቸውን «የማደጎ ወንድሞች» ብለው ይጠሩ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ የግሪክ ስም አለ፣ ከጎኑ የሳርማቶች፣ ማለትም ከኢራን ቋንቋዎች ወገን የሆነ ስም አለ። አባት የሳርማት ስም፣ ልጅ የግሪክ ስም ይዞ ይገኛል፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። እንግዲህ «ንጹሕ የግሪክ ከተማ በአረመኔ ጠፋች» የሚለው ተረት እሳቱ ሳይነሳ በፊት እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው። ታናይስ ከመቃጠሏ በፊትም ድብልቅ ነበረች።

እሳቱ የመጣው በ3ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። ከ230ዎቹ ወዲህ በድንጋይ የተቀረጸ ዓመተ ምሕረት ያለው ጽሑፍ አይገኝም። ቤቶቹ ተቃጥለው ጣሪያቸው በምድር ቤቶቹ ላይ ወድቋል፤ እንስራዎቹ እዚያው እንደ ተደረደሩ ቀርተዋል። ዕቃ ለማውጣት ጊዜ እንዳልነበረ ለማወቅ አርኪዮሎጂስት መሆን አያስፈልግም።

ማን አቃጠላት? ከ1955 ጀምሮ ቁፋሮውን የመራው ዲሚትሪ ሼሎቭ ጎቶች ናቸው አለ፤ አብዛኛው ሰውም ተቀበለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በዚያው ጊዜ ጎቶችና ከእነሱ ጋር የሚንቀሳቀሱ ሕዝቦች ከባልቲክ በኩል ወርደው ጥቁር ባሕር ዳርቻ ደርሰዋል። የታሪክ ጸሐፊው ዞሲሞስ እንደሚለው በ250ዎቹ ወራሪዎቹ ባሕር ተሻግረው ፒትዩስን ከዚያም ትራፔዙስን መቱ፤ ጀልባውን የሰጧቸው ደግሞ ራሳቸው የቦስፖር ሰዎች ናቸው። በ267 ገደማ ሄሩሎች ከአዞቭ ባሕር ተነሥተው በ500 መርከብ ወደ ግሪክ ወረዱ ተብሏል። ጊዜውና ቦታው ይገጥማል። ይሁን እንጂ «እኛ አቃጠልናት» ብሎ የፈረመ የለም። በሕክምና አነጋገር ይህ «የሚያስጠረጥር» ነው እንጂ «የተረጋገጠ» አይደለም። ሳርማቶችም ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ወደ ጎቶቹና ተባባሪዎቻቸው አደላለሁ። የሰማሁትን ሁሉ ግን በእርግጠኝነት አልደግምም።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ።

ይህ መቶ ዓመት በመጽሐፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ከተማዋ ባዶ ሆና ቆየች» ይልና ያልፋል። ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ላይ ነው። ከተማዋ ባዶ ሆና ቆየች እንጂ ጎቶቹ ባሉበት አልቆዩም። አራት ትውልድ አለፈ። በ250ዎቹ ዓመታት በትንሿ እስያ በዘመቻ ከማረኳቸው ሰዎች ውስጥ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ከቀጰዶቅያ ተማርከው ከሄዱ ቤተሰቦች ትውልድ ዑልፊላ የተባለ ልጅ ተወለደ። ያ ልጅ በ340 ገደማ የጎቶች ኤጲስ ቆጶስ ሆነ፤ ከግሪክ ፊደል ተነሥቶ ለጎቶች ፊደል ሠራ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ተረጎመላቸው። የዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ፊሎስቶርጊዮስ እንደሚለው መጽሐፈ ነገሥትን ሆን ብሎ ተወው፤ ምክንያቱም ሕዝቡ ጦርነት ይወዳል፣ ማባባስ አያስፈልግም ብሎ ነው። (ይህን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅሁ።)

ዘመኑን በራሳችን ለመለካት፦ ይህ የኢዛና ዘመን ነው። አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ በእስክንድርያው አትናቴዎስ ተሹሞ አክሱም የደረሰው ዑልፊላ ለጎቶች በተሾመበት ትውልድ ውስጥ ነው። እንዲያውም ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ሰው አለ፤ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ 2ኛ። ዑልፊላንና ተከታዮቹን ከስደት ተቀብሎ በግዛቱ ያሰፈረው እሱ ነው። ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና «ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሱት፣ ይመርመር» ብሎ የጻፈውም እሱ ነው። አንዱ የእሱን ወገን ሃይማኖት የያዘ ነበር፣ ሌላው የአትናቴዎስን።

በእርግጥ ዑልፊላ የነበረው በዳኑብ በኩል ነው፤ ከታናይስ በጣም ይርቃል። በምሥራቅ፣ ወደ ዶን አቅጣጫ የነበሩት ጎቶች ግሬውቱንጊ የሚባሉት ናቸው፤ እነሱ ክርስትናን በዚያ ልክ መቀበላቸውን የሚያሳይ ነገር የለንም። ነገር ግን እነሱም ቢሆኑ የ250ዎቹ ዘማቾች አልነበሩም። አርኪዮሎጂስቶች የቼርንያኾቭ ባህል ብለው በሚጠሩት ሰፊ ዓለም ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች ሆነዋል። እህል ያመርታሉ፣ በመንኮራኩር ላይ ጥሩ ግራጫ ሸክላ ይሠራሉ፣ ከቀንድ ሚዶ ይሠራሉ፣ የሮም ብርጭቆ ይገዛሉ። አንዳንዱ ሟቹን ያቃጥላል፣ አንዳንዱ ይቀብራል፤ ሁለቱም በአንድ መካነ መቃብር ጎን ለጎን። ወደ ታናይስ የገባው ሰው ከአቃጣዩ ጋር ዝምድና ቢኖረው እንኳ የቅድመ አያቱን ሥራ በወሬ ነው የሚያውቀው፤ ያውም ካወቀው።

የገቡት በ4ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። መሬት ላይ የሚታየው ይህን ይመስላል። የድሮዎቹን መንገዶች አልተከተሉም፤ መንገዶቹ በፍርስራሽ ተሞልተው ስለነበር የት እንደነበሩም ላያውቁ ይችላሉ። ከወደቁት ግድግዳዎች ድንጋይ እያነሱ፣ ያለ ብዙ ልክ፣ ያለ አደባባይ፣ ቦታ በተገኘበት ሠሩ። የቤቶቹ አቀማመጥ የተዘበራረቀ ነው። ከቤቶቹ ውስጥ የወጣው ሸክላና የልብስ ማያያዣ ጌጥ ውስጥ የቼርንያኾቭ ዓይነት አለ። ከዚሁ ጋር የአካባቢው የስቴፕ ሕዝብ፣ የአላኖች፣ ዕቃ አለ። በአምፎራ የሚመጣ ሸቀጥም አልተቋረጠም፤ ስለዚህ ወደቡ በመጠኑም ቢሆን ሠርቷል ማለት ነው። እንደ ድሮው ሳይሆን፣ ግን ሠርቷል።

ለምን መጡ? እዚህ ላይ ዘመኑን ማየት ነው። በ370ዎቹ ሁኖች ዶንን ተሻገሩ። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ አሚያኑስ ማርኬሊኑስ ሁኖቹ መጀመሪያ የመቷቸው ከግሬውቱንጊ ጋር የሚዋሰኑትን፣ በልማድ «ታናይታውያን» የሚባሉትን አላኖች ነው ይላል። ስሙን አያችሁት? ከተማዋ ከፈረሰች ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ የወንዟ ስም በሰው ላይ ተለጥፎ ይኖራል። ጎቶቹና አላኖቹ ድንበር የሚጋሩ ጎረቤቶች ነበሩ። ሁሉም ነገር ሲናወጥ፣ ግንቡ በከፊል ለቆመና ወንዝ ዳር ላለ ቦታ ሁለቱም ቢያስቡ አይገርምም። አንዳንዶች መልሶ ሰፈራው ከሁኖቹ መምጣት በፊት ነው ይላሉ፤ አንዳንዶች በእነሱ ምክንያት ነው ይላሉ። እኔን ሁለተኛው ያሳምነኛል። በሰላም ጊዜ ማን ፍርስራሽ ይመርጣል?

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ። ጎቶች መሆናቸውን በምን እናውቃለን?

ካርድ ክፍል «አድራሻ» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ አዛውንት የተወለዱበትን ይነግሩናል፣ ልጃቸው አሁን የሚኖሩበትን ታስተካክላለች፣ ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ለሐኪሙ ያደጉበትን ይነግሩታል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ከ1,600 ዓመት በፊት የሞተን ሰው የምንጠይቀው ደግሞ በሸክላውና በጌጡ በኩል ብቻ ነው። ሸክላ መታወቂያ ወረቀት አይደለም። የጎት ዓይነት ማያያዣ ያደረገች ሴት ጎት ልትሆን ትችላለች፤ ከጎት ያገባች አላን ልትሆን ትችላለች፤ ወይም በቃ ገበያ ላይ አይታ ወደዳት ልትሆን ትችላለች። ታናይስ ገበያ ነበረች እኮ!

በዚህ ላይ የእኛ ሙያ የሚያግዘው ነገር አለ። የጥርስ ኢናሜል አንዴ ከተሠራ በኋላ አይታደስም። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ኢናሜል የሚሠራው ከውልደት አካባቢ ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ልጁ በበላውና በጠጣው ውስጥ ያለው ስትሮንሺየም የተባለ ንጥረ ነገር ከአካባቢው አለት ነው የሚመጣው፤ በጥርሱ ውስጥም ይቀመጣል። ስለዚህ በአርባ ዓመቱ የሞተ ሰው በሕፃንነቱ የጠጣውን ውኃ አፉ ውስጥ ይዞ ይቀበራል። የተቀበረበት አፈር ከጥርሱ ካልገጠመ፣ ያደገው ሌላ ቦታ ነው። ዘረ መል (ዲኤንኤ) ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል። በፖላንድ በኩል የነበረው የዊልባርክ ባህል፣ ማለትም የጎቶቹ የቀድሞ ምዕራፍ ነው የሚባለው፣ ሰዎቹ ከስካንዲኔቪያ ጋር የሚቀራረብ የዘር ግንድ እንደነበራቸው ታይቷል። ስለዚህ «ጎቶች ከሰሜን አልመጡም፣ ተረት ነው» የሚለው ክርክር ዛሬ ተዳክሟል።

ብቻ ልብ እንበል፦ ጥርሱ የት እንዳደገ ይናገራል፤ ዘረ መሉ ከማን እንደተወለደ ይናገራል። ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ በምን ቋንቋ ይቀልድ እንደነበር ሁለቱም አይናገሩም። ራሱን ማን ብሎ እንደሚጠራም አይናገሩም። ሐኪሞች ላቦራቶሪ የሚመልሰውን ጥያቄ እኛ ከጠየቅነው ጥያቄ ጋር ማምታታት እንወዳለን፤ ተማሪዎቼን በየጊዜው የምቆጣው በዚህ ነው።

ይህ ጉዳይ ተራ የአዋቂዎች ጭቅጭቅ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሳሁት። «እዚህ ጎቶች ሰፍረው ነበር» የምትለው ዓረፍተ ነገር ግን ሰው ገድላለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ክራይሚያን የጎቶች ምድር አድርገው የጀርመን ሰፋሪ ሊያስገቡባት አቅደው ነበር። ሲምፈሮፖልን ጎተንቡርግ፣ ሴቫስቶፖልን በጎቱ ንጉሥ በቴዎዶሪክ ስም ሊጠሩ ስሙን ጨርሰው ነበር። ጥቂት ሸክላና የጥንት ጽሑፍ ይዘው የሌላውን ሰው ቤት ወረሱ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ መንኮራኩሩ ወደ ሌላው ዞረ። ብዙ የሶቪየት ምሁራን ጎቶቹን ከካርታው ለማውጣት ደከሙ፤ የቼርንያኾቭ ባህል የስላቮች ነው ተባለ። አንዱ ያለ ልክ ጨመረ፣ ሌላው ያለ ልክ ቀነሰ። ሁለቱም የሞተውን ሰው አልጠየቁትም። «ቀድሞ የነበረው ማነው?» የሚል ክርክር ሲነሳ እኛ አገር የአንባቢ ጆሮ እንደሚቆም አውቃለሁ። ጎት እና ጎጥ የሚሉት ቃላት ምንም ዝምድና የላቸውም፤ ግን በአማርኛ ሳስበው ጎጠኝነት የምትለው ቃል ጠርዝ ላይ ቆማ ታየኛለች።

ሌላም የማልስማማበት ነገር አለ፤ ይኸኛው ለስለስ ያለ ነው። ስለ ታናይስ የመጨረሻ ዘመን የሚጽፉ ሰዎች አንዳንዴ «ፍርስራሽ ውስጥ የተጠለሉ» ብለው ያልፏቸዋል። ከተማ ማለት የቀጥታ መንገድ፣ የተቀረጸ ድንጋይ፣ የሹማምንት ስም ዝርዝር ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ ከተማ አልነበረችም። ተመልሰው የሰፈሩት ሰዎች አንድም የተቀረጸ ጽሑፍ አልተዉልንም። ግን እስከ 5ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ኖረዋል። ከ70 ዓመት በላይ ማለት ነው። እዚያ የተወለደች ልጅ እዚያው አድጋ፣ ወልዳ፣ አያት ሆና ልትሞት የምትችልበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን «ተጠለሉ» አንልም። ሁኖቹ አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር ባተራመሱበት በዚያ ዘመን፣ የዶን አፍ ላይ አንድ ጥግ ላይ ሰው ድንጋይ በድንጋይ እየደረበ ይኖር ነበር። በረግረግ ዳር፣ ትንኝ ባለበት፣ በጠባብ ቤት። የሕፃናቱን ሞት ማሰብ አልፈልግም፤ ግን ከተማዋን ያቆዩአት እነሱ ናቸው።

የጥንቷን ታናይስ ቦታ በ1823 ያመለከተው ኢቫን ስቴምፕኮቭስኪ ነው። በ1853 ፓቬል ሌዎንትየቭ የሚባል የሞስኮ ምሁር መጥቶ ቆፈረ፤ ስትራቦ የነገረንን የድሮውን ትልቅ ገበያ ፈልጎ ያገኘው ግን ከጠበቀው በኋላ የመጣ፣ ድሃ የሆነ ከተማ መሰለው። እውነተኛዋ ጥንታዊት ታናይስ ሌላ ቦታ ናት ብሎ ደመደመ። አንድ መቶ ዓመት ቆይቶ እነ ሼሎቭ፣ ከእሳቸውም በኋላ ታቲያና አርሴንየቫ፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮም ከእነሱ ጋር የጀርመንና የፖላንድ ቡድኖች በጥንቃቄ ሲቆፍሩ፣ ሁሉም እዚያው እንደነበር ታየ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ። ከላይ ያለው ንብርብር የሰፋሪዎቹ ነው።

መጨረሻቸው ላይ እንደ መጀመሪያው ያለ ትልቅ እሳት አይታይም። በ5ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሕይወት ቀስ ብሎ ቆመ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የቬኒስና የጄኖዋ ነጋዴዎች በዚያው ወንዝ አፍ፣ ዛሬ አዞቭ ከተማ ባለችበት በኩል ሰፈሩ፤ ስፍራውንም ጣና አሉት፤ የእኛን ሐይቅ የሚያስታውስ ስም፣ ግን ከወንዙ የመጣ። የቀድሞዋ ከተማ ግን እንደ ተኛች ቀረች። ወንዙ ደለል እያመጣ ባሕሩን አራቀው። ከፍርስራሿ ስር ዛሬ የሚያልፈው የዶን ቅርንጫፍ በሩሲያኛ ስሙ ሙት ዶኔትስ ነው።